በጨለማ የተፈተሸው ጠርሙስ

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም.፣ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በበረታበት ሰሞን ነው። ሰበታ ላይ መንገድ የዘጉ ወጣቶች ከሚኒባሱ አስወረዱን። እኔ በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ ጠርሙስ ታቅፌ ነበር። ውስጡ ሦስት ዓመት የደከምኩበት ውሕድ አለ፤ ሞለኪውሎቹ ብርሃን ሲነካቸው ይነቃሉ፣ አንዴ ከነቁ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለሱም። አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሳይደርስ መንቃት አልነበረበትም።

«ጋሼ፣ ይክፈቱት» አለኝ አንደኛው።

«ብርሃን ካየ ይበላሻል። አልከፍትም።»

«ሙሽራ ነው እንዴ የሚሸፈነው?» ጓደኞቹ ሳቁ፤ እሱ ግን ድንጋይ አነሳ። እኔም ጠርሙሱን አጥብቄ ያዝኩ።

አብረውን የተሳፈሩ ኦቦ ለሚ የሚባሉ ዓይነ ስውር መምህር ጠጋ አሉ። «እኔ ልፈትሸው፤ ለእጄ ብርሃን አያስፈልገውም።» እጃቸውን ላስቲኩ ውስጥ ሰደው ጠርሙሱንም፣ በላዩ የታሰረውን የሙቀት መለኪያ ሽቦም ቀስ ብለው ዳሰሱ። «ቆሪቻ ነው፣ መድኃኒት» አሏቸው። አሳለፉን።

ከዓመታት በኋላ ስንገናኝ ኦቦ ለሚ እውነቱን ነገሩኝ። «ሽቦውን ስነካ ቦምብ መሰለኝ። ያንን ብናገር እዚያው ይገድሉሃል ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ድረስ አጠገብህ ተቀምጬ ስጸልይ ነበር።»