ሁለት ልክ ያለው የሐይቅ ዳር

አቶ ሕዝቅያስ በሕይወታቸው አልለቅም ያሉት አንድ ቁጥር ነው፤ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ ሜትር።

ሠላሳ ዓመት በቀያሽነት ያገለገሉት እኒህ ሰው፣ ከአሞራ ገደል አንሥቶ በደቡብ በኩል ፊላ ሣር እስከሚበቅልበት ድረስ ያለውን የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ሁለት ጊዜ ለክተውታል። መጀመሪያ ሃምሳ ሜትር የሚዘረጋ ሜትሮ ከችካል ወደ ችካል እየወጠሩ ለኩና አራት ሺህ አንድ መቶ አገኙ። በዓመቱ ለማረጋገጫ ሲላኩ ሜትሮው ተበጥሶ ስለ ነበር፣ አምስት ሜትር በሆነች ቁራጭ ያንኑ ዳር ተከትለው ሄዱ፤ ስድስት መቶ ሠላሳ ሜትር በልጦ ተገኘ። አለቆቻቸውም፣ "ሐይቁ አላደገም፤ ቀያሹ ግን ቸል ብሏል" ሲሉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከማኅደራቸው አኖሩ። እሳቸው "አልተሳሳትሁም" ከማለት በቀር ምክንያቱን ማስረዳት ተሳናቸው።

ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥም አረፉ። የለቅሶው ድንኳን ሲነቀል አቶ ሕዝቅያስ አላለቀሱም፤ ከካስማ እስከ ካስማ ያለውን ርቀት በዐይናቸው ይለኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ልባቸው እንደ ተኛ እግር ደንዝዞ፣ የቀረበላቸውን እየበሉ፣ ለጠየቃቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" እያሉ ታቦር ሰፈር ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ይውላሉ።

በዚህ መካከል ነው መክብብ የመጣው። ድሮ ችካል ያስይዙት የነበረ፣ ዛሬ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ነው።

"ጋሽ ሕዝቅያስ፣ ማኅደሩ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። ለአንድ ዳር ሁለት ልክ አይቀበለንም። ሁለተኛው ስህተት ነበር ብለው ይፈርሙልኝ፤ እኔም ያቺን ደብዳቤ ከማኅደርዎ አወጣታለሁ። ስምዎ ይነጻል።"

ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ተቀበሉ። መፈረምም አለመፈረምም አንድ ሆኖ ታያቸው።

"ሐሙስ ና" አሉት፤ እጃቸው ስለ ከበዳቸው ብቻ ነበር።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታቸው ሩዋይዳ ከገበያ ስትመለስ ገባች፤ የሒሳብ መምህርት ናት። ወረቀቱን አንሥታ አነበበች።

"ጋሼ! ይሄማ ስህተት አይደለም። ፍራክታል ነው።"

"በሽታ ነው?"

"ከበሽታ ይብሳል፤ ሒሳብ ነው።"

ከዘንቢሏ አበባ ጎመን አውጥታ አንድ ዘለላ ቆረጠችላቸው፤ ዘለላው ራሱ ትንሽ አበባ ጎመን ነበር። ከእሱም ሌላ ቆረጠች፤ ያም እንደዚያው። "ሐይቁም እንዲህ ነው" አለች። "ትልቁ እጥፋት ውስጥ ትንሽ እጥፋት፣ እሱም ውስጥ ሌላ አለ። ረጅሙ ሜትሮ ይዘላቸዋል፤ አጭሩ ይገባባቸዋል። እኔን አይመኑኝ፤ በካርታዎ ላይ በኮምፓስ ይሞክሩት።"

በማግሥቱ አሮጌውን ካርታ ዘረጉ። ኮምፓሱን አራት ሳንቲ ሜትር ከፍተው ዳርቻውን እርምጃ በእርምጃ ተራመዱበት። ወደ ሁለት አጠበቡት፤ ርዝመቱ ጨመረ። ወደ አንድ አጠበቡት፤ አሁንም ጨመረ። ቀያሽ በአንድ ምስክር አያምንምና፣ ወደ መሃል ከተማ የሚወስደውን ቀጥ ያለ መንገድም በዚሁ ኮምፓስ ለኩት። ኮምፓሱን ቢያጠቡም ቢያሰፉም የመንገዱ ርዝመት ያው ነው። ጥፋቱ ከኮምፓሱም ከእጃቸውም አልነበረም።

ሩዋይዳ ቁጥሮቹን አይታ አጨበጨበች። "ያ ሁሉ ዓመት ልክ ነበሩ እኮ! ደስ አላለዎትም?"

አቶ ሕዝቅያስ ደረታቸው ውስጥ ደስታውን ፈለጉት፤ አልነበረም። ይህን ወሬ ሮጠው የሚነግሯት ሚስት የለችም።

"አላውቅም ልጄ" አሉ። "ጎመንሽን ውሰጂ፤ ይጠወልጋል።"

ሐሙስ መክብብ መጣ። አቶ ሕዝቅያስ ወረቀቱን ሳይፈርሙ መለሱለት።

"ጋሼ፣ ደብዳቤዋ እኮ እስከ ዘላለም እዚያው ትቀራለች!"

"ትቅር።"

"እሺ፣ እኔ ታዲያ የዳሩ ርዝመት ስንት ነው ብዬ ልጻፍ?"

አቶ ሕዝቅያስ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ድምፃቸውም ከፍ ሳይል እንዲህ አሉት፦

"መጀመሪያ በምን ተለካ ብለህ ጠይቀኝ። በሃምሳ ሜትሩ ከሆነ አራት ሺህ አንድ መቶ ነው፤ በአምስት ሜትሩ ከሆነ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ ነው። ሁለቱንም በእግሬ ሄጄ ለክቻቸዋለሁ፤ አንዱንም አልክድም። አንድ ቁጥር ብቻ ካላገኘሁ አልመለስም ካልህ፣ ውረድና ሐይቁን አስፈርመው።"