ሰማንያ ቀን ያልጠበቀ ጥምቀት

እየሩስ ከከምባታ የመጣች ካቶሊክ ናት። ሳዑዲ፣ አል-ኾበር፣ በአንድ ማዳም ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። መጽሐፍ ቅዱሷን አውሮፕላን ማረፊያ እንዳይነጥቋት ፈርታ ለእህቷ ትታ ነው የመጣችው፤ ያላት በቃሏ የያዘችው ብቻ ነው። እሱም ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የሰፈሯ የሃይማኖት አስተማሪ፣ ካቴኪስት ሀብተማርያም ያስጠኗት ነው፤ እሳቸው ዘንድ ያላጠና ምሳ አይበላም።

አንድ አርብ፣ በዕረፍቷ ቀን፣ ደማም ከተማ ጓደኞቿ ተጋርተው ወደሚኖሩበት ቤት ስትሄድ የሻረግ ወልዳ ጠበቀቻት። የሻረግ በየመን በኩል የመጣች፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላት የጎጃም ልጅ ናት። ሕፃኗ ሴት ናት፣ ቀኗ ሳይደርስ በሰባት ወሯ የተወለደች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው ወደብ የሚሠራው ጎረቤታቸው ሙሜ መኪናውን ይዞ ተነስቷል፤ መንገዱ ግን ተዘጋግቶበታል።

«ሳትጠመቅ ልትሞትብኝ ነው» አለች የሻረግ። «ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው። ደሞስ እዚህ ቄስ ከየት ይመጣል?»

«ቄስ ከሌለ ማንም ያጠምቃል። እኔ አጠምቃታለሁ» አለች እየሩስ፣ ሻይ ላፍላ የምትል ያህል።

አብራቸው የምትኖረው ፍቅርአዲስ ጴንጤ ናት። ስልኳ ላይ መጽሐፍ ቅዱሷን ከፈተች።

«የት ተጽፏል? ጥቅስ አምጪ።»

«አልተጻፈም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

«ከካቴኪስት ሀብተማርያም።»

«እሳቸውስ?»

«ከአባ። አባም ከሳቸው በፊት ከነበሩት። እስከ ሐዋርያት ልቁጠርልሽ? ስልክሽ ላይ ያለውም እኮ ሳይጻፍ በፊት በአፍ ሲነገር ነው የኖረው። እግዚአብሔር የገለጠው አንድ ነው፤ ከተጻፈውም፣ ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣውም እንሰማዋለን። በይ አሁን ውሃ አምጪ።»

ፍቅርአዲስ አኮረፈች። ውሃውን ግን አመጣች፣ ለብ አድርጋ።

«ስሟን ማን ልበል?»

የሻረግ ዓይኗን ከሕፃኗ ሳትነቅል፣ «ወለተማርያም። ቶሎ በይልኝ» አለች።

እየሩስ ውሃውን ሦስት ጊዜ አናቷ ላይ አፈሰሰች። «ወለተማርያም፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ።» በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ፈርታ አታውቅም። ሕፃኗ አላለቀሰችም።

ሙሜ ሲደርስ ሕፃኗ አርፋለች። «ኢናሊላሂ» ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

የሻረግ ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈቻት። አንጀት ትበላለች። ከዚያ፣ «እየሩስ፣ ስታጠምቂ ያልሽውን ቃል እስቲ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አለች።

«ምን ያደርግልሻል?»

«እንደኔ ተደብቃ የምትወልድ ሌላም አትጠፋም።»

እየሩስ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ የሻረግም ልጇን ሳታስቀምጥ እየተቀበለች አለችው።