ሞተሩ አየር ላይ ሳለ

አጎቴ የኤሌክትሪክ ሞተር ጠጋኝ ነው። ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር ውስጥ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ እዚህ «ቦክስ» የሚሉትን የመኪና ማቆሚያ ክፍል ተከራይቶ፣ አንድም ቀን መኪና ሳያስገባበት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። የፒዛ ቤት ሊጥ ማቡኪያ፣ የጓሮ ውኃ መሳቢያ፣ የበርበሬና የሽሮ ወፍጮ፣ መሽከርከር ያቆመ ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የተማራቸው ስሞች፣ ካቻቪቴው፣ ሞርሳው፣ ቡሎኑ፣ ኩሽኔታው፣ ምንጫቸው ጣሊያንኛ በመሆኑ ሮም እንደገባ ከመሣሪያ ሻጩ ጋር ያለ አስተርጓሚ ተግባብቷል። ዳቦ በወጉ መግዛት የቻለው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ እንደሆነ ሚስቱ ትናገራለች።

ባለፈው የብርድ ወቅት ወገቡ ያዘው። ሐኪሙ ከባድ ነገር ፈጽሞ እንዳያነሣ ከለከሉት። ይህ ትእዛዝ ለሌላ ሰው ምክር ነው፤ ለእሱ ግን ሥራውን መንጠቅ ነበር፤ ሞተር ከወለል ወደ ጠረጴዛ ካልወጣ አይጠገንምና። አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ፣

«በወሩ መጨረሻ የቦክሱን ቁልፍ ለአከራይዋ እመልሳለሁ» አለ።

«ከዚያስ ምን ትሠራለህ?» አለችው ሚስቱ።

«አርፋለሁ።»

«አንተ እቤት ካረፍክ እኔ የት ልሂድ?»

ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሥራውን ሊተው የማይፈልግ ሰው መተዉን ሲናገር ድምፁ ምን እንደሚመስል ያን ምሽት አወቅሁ።

ሰው ጠርቶ ማሠራት ከእኛ ዘንድ አይቸግርም፤ የሚቸግረው የመጣውን ሰው ማሠራት ነው። አንድ ሞተር ይነሣልን ብለን ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የምናውቃቸውን ስንጠራ አራት ሰዎች መጡ፤ አራቱም አዛዥ ሆኑ። አንዱ «በዚህ በኩል!» ሲል ሌላው «አሎራ፣ እንግዲህ መጀመሪያ አዙሩት» ይላል። ሞተሩ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ አጎቴ ግን ከሁሉም ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ስለነበር ሁለት ቀን ተኛ። ያኔ ነው ማንሻ እንሥራ ያልኩት።

«ክሬን? እዚህ ውስጥ?» አለኝ። «መርከብ ልትጭን ነው?»

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ባለ ጎማ ክሬን ለእኛ ውድ ነበር፤ ቢገዛም እግሩ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም። ጣሪያው ደግሞ የሕንፃው እንጂ የእኛ አይደለም፤ ውስጡ ባዶ ሸክላ ስለሆነ ብንበሳውም አይሸከምም። ስለዚህ ከግድግዳም ከጣሪያም ነጻ ሆኖ በራሱ እግር የሚቆም ነገር ያስፈልግ ነበር። ስለ ብረት ጭነትና ስለ መጉበጥ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። መዋቅሩ ቀላል ነው፤ በግራና በቀኝ እግራቸውን ያንፈራጠጡ ሁለት ጥንድ የብረት ቱቦዎች፣ በላያቸው ከፈረሰ ቤት የተገኘ ወፍራም አግዳሚ ብረት፣ ማዕዘኑን የሚደግፉ አጫጭር ብረቶች። ሁሉም በቡሎን የሚታሰር፣ አንድም ብየዳ የሌለበት። አጎቴ ሥዕሉን አገላብጦ አየና የእግሮቹን ስፋት በእጁ ስንዝር ለካ። «ይቆማል» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

በእጅ የሚጎተተውን ባለ ሰንሰለት ማንሻ፣ ፓራንኮውን፣ ከፖርታ ፖርቴዜ የእሑድ ገበያ አገኘሁት። ዝገት በልቶት ስለነበር ሻጩ ራሱ አልተማመነበትም፤ በርካሽ ለቀቀልኝ። በገበያ ጋሪ ከትቼ በትራም ይዤው ስመለስ፣ በየመታጠፊያው ሰንሰለቱ ሲንኳኳ አጠገቤ የተቀመጡ የሮም አሮጊት ጋሪውን በጥርጣሬ ሲያዩ ቆይተው፣

«ይነክሳል?» አሉኝ።

ኮስተር ብዬ «ታስሯል፣ እመቤቴ» አልኳቸው። መንገዱን ሙሉ እግራቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ፓራንኮውን ፈትቼ ዝገቱን ጠረግሁ፤ የተበላውን የፍሬኑን ሸራ በአዲስ ለወጥሁ። የዚህ መሣሪያ ጥበቡ ፍሬኑ ነው። ሰንሰለቱን ስትጎትት ጭነቱ ይወጣል፤ እጅህን ስትለቅ ባለበት ይቆማል፤ እንዲወርድ ካላዘዝኸው አይወርድም። ለአጎቴ ይህንን በዝርዝር አስረዳሁት። አዳመጠኝ፤ ግን አላመነኝም። ወጣት ሳለ ገመድ ተፈትቶ ሞተር ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚያምነው እጁን ብቻ ነው።

ለሙከራ የቀረበው ከአንድ ኩንታል በላይ የሚመዝን የወፍጮ ሞተር ነበር። በአናቱ ባለው ቀለበት የፓራንኮውን ሜንጦ አስገብተን ሰንሰለቱን ስጎትት ሞተሩ ከወለሉ ተላቀቀ። አጎቴ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ከሥሩ ከተተ።

«ጋሼ፣ እጅህን አውጣ። ደግሞም አደገኛ ነው።»

«አንተ ጎትት።»

«አንተ ከሥሩ ሆነህ የምትደግፈው ከሆነ ማንሻው ለምን ተሠራ?»

«ያንተ መጽሐፍ ወገብ የለውም፣ ዝም ብሎ ያወራል።»

«ወገብህን ለማዳን እኮ ነው!»

አልሰማኝም። አወረድሁት። እንደገና ሞከርን፤ እንደገና እጁን ከተተ። ሦስተኛው ላይ ወገቡን ይዞ ቀና አለና «ቁልፉን እመልሳለሁ» አለ። የሠራነው ነገር አንድ ስህተት ሳይገኝበት ሊጣል ነበር።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ ጥፋቱን ወዲያው አገኘችው። «ታላቅ ሰው ሳይመርቀው ሥራ ጀመራችሁ» አለችና ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩትን የሕንፃችንን አዛውንት ልትጠራ ወጣች። አባባ ምርቃታቸው የታወቀ ነው፤ ሠርግ ላይ ሲመርቁ ወጥ ይቀዘቅዛል። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው በአሳንሰር ወረዱ።

«ይሄ ነው ክሬኑ?» አሉ በከዘራቸው እግሩን ነካ አድርገው። «ልብስ ማስጫ መስሎኝ።»

«ሲያነሣ ይዩት፣ አባባ» አልሁ።

«እንግዲህማ አንሡት፤ መሬት የተቀመጠ ብረት ልመርቅ አልወረድሁም።»

ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ላነሣው ነበር ያሰብሁት። ነገር ግን ለእሳቸው ክብር በሚል ከወገብ በላይ አወጣሁት። አጎቴ ከሥሩ ደገፈ። ሰንሰለቱ በእጄ እንዳለ አባባ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሉ፣ እጃችሁን ዘርጉ።»

እጃችንን ዘረጋን።

«ይህን ቤት ይባርክ። እጃችሁን ይባርክ።»

«አሜን።»

«ብረቱን ያጥናው። ጠላት አይየው።»

«አሜን።»

«የመኖሪያ ፈቃድ፣ ፔርሜሶ የሚጠብቁትን ሁሉ ከሰልፍ ያውጣቸው።»

«አሜን።»

መዳፎቼን ወደ ላይ ገልብጬ ቆሜ ሳለ መዳፎቼ ባዶ መሆናቸውን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ሰንሰለቱ ፊቴ ብቻውን ይወዛወዝ ነበር። ቀና ብዬ አጎቴን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ፊት ዘርግቶ፣ ከሞተሩ ራቅ ብሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከኩንታል በላይ የሆነው ብረት ማንም ሳይነካው አየር ላይ ተቀምጧል።

ምርቃት አይቋረጥም። ዘልዬ ሰንሰለቱን ብይዝ ነውር ነው፤ ብናገርም ነውር ነው። የፍሬኑን ሸራ የገጠምሁት እኔው ነኝ፤ ያነበብሁት ሁሉ ይይዛል ይለኛል። ቢሆንም ያን ቀን እንደ እኔ ከልቡ «አሜን» ያለ ሰው የነበረ አይመስለኝም። አባባ ከእኛ ቤት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት በመንገድ ወዳሉት፣ ከእነሱም ወደ ባሕር ተጓዦች ተሻገሩ። አግዳሚው ብረት ድምፅ አላሰማም። ሞተሩ የፀጉር ያህል እንኳ አልወረደም።

አጎቴ ዓይኑን ገለጠ። እጆቹን አየ፤ ቀጥሎ ሞተሩን አየ።

«ማን ይዞት ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«ማንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እጃችሁን ዘርጉ ከተባለ ጀምሮ።»

«እግዚአብሔር ነዋ የያዘው» አሉ አባባ። «አንተስ ገና ሳልጨርስ ዓይንህን ለምን ገለጥህ?»

የፍሬኑን ነገር ላነሣ ነበር፤ ተውሁት።

አጎቴ ምርቃቱ እስኪያበቃ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ሞተሩን ይመለከት ነበር። የመጨረሻው አሜን እንደተባለ መጥቶ ሰንሰለቱን ከፊቴ ወሰደ። በአንድ እጁ ጥቂት ጎተተ፤ ለቀቀው፤ ጠበቀ። እንደገና ጎተተና ለቀቀው። ከዚያ ጠረጴዛውን ወደ ሞተሩ ሥር እንድገፋለት በአገጩ አመለከተኝ፤ አንድም ጊዜ ሳይጎነበስ ሞተሩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ከሳጥኑ መፍቻ ሲያወጣ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

«ለአከራይዋ ደውልላት። ቦክሱን አንለቅም በላት። ቫ ቤኔ፣ እሺ?»

«አሁኑኑ?»

«አሁኑኑ። ግን ደስ ያለን እንዳይመስላት ቀዝቀዝ ብለህ ንገራት፤ ኪራይ ትጨምርብናለች።»

በር ላይ ወጥቼ፣ የማውቀውን እጅግ ጨዋ ጣሊያንኛ መርጬ፣ በተቻለኝ መጠን ቀዝቀዝ ብዬ ነገርኋት። ከኋላዬ መዶሻው መሰማት ጀመረ። ያ የምን ድምፅ ነው ስትል ጠየቀችኝ።

«አጎቴ ነው» አልኋት። «ኩሽኔታ እያወጣ ነው።»