ቁም ሣጥን የገባው ዋይፋይ

ሰፈሩ «ጋሽ ቁልፌ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሚስቱም ሳትረሳው አልቀረችም። ዕድሜውን ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ግምጃ ቤቱ ግን ከእሱ አልወጣም። በቤቱ ስኳሩ ይቆለፋል፣ ሳሙናው ይቆለፋል፣ ቁልፎቹ የሚቀመጡበት ሣጥንም ይቆለፋል። ሲራመድ ኪሱ ይንሿሿል፤ ድመቷ እንኳ ያንን ድምፅ ስትሰማ ከማዕድ ቤት ተፈትልካ ትወጣለች፣ ከስኳሩ ጋር አብራ እንዳትቆለፍ።

ዋይፋይ የሚባል ነገር ደጁን የረገጠው በልጁ ምክንያት ነው። ልጅቱ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ከረመችና፣ በስንት ደጅ ጥናት አንድ የጉዞ ወኪል በቪዲዮ ሊጠይቃት ቀጠሮ ሰጣት። የስልኳ ኔትወርክ ደግሞ «ሃሎ» ስትል «ሃ»ን ዛሬ አድርሶ «ሎ»ን በማግስቱ የሚያደርስ ነው።

«አባዬ፣ ይቺ ካመለጠችኝ ሌላ ቀጠሮ የለኝም» አለችው።

ጋሽ ቁልፌ ተነሥቶ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄደ። ሻጩ በትሕትና ጀመረ።

«ቤትዎ ስንት ክፍል ነው ጋሼ? ግድግዳውስ ብሎኬት ነው?»

«እሱን ተወውና፣ የትኛው ይከብዳል?»

«ዋይፋይ እኮ በክብደት አይመረጥም።»

«ስማ ልጄ፣ እኔ ከምስማር እስከ ጄኔሬተር ስረከብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀላል ዕቃ ቶሎ ይሰረቃል።»

እንዲህ ብሎ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ እንደ ሐብሐብ በመዳፉ እየመዘነ፣ አንዳንዱንም ጆሮው ላይ አድርጎ እየነቀነቀ፣ ከሁሉ የከበደውን መረጠ። እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ የሞተ ሸረሪት የመሰለ፣ ባለ ብዙ አንቴና ጉድ ነው። መርከብ ላይ ቢጭኑት መርከቡን የሚመራ እንጂ ለሦስት ሰው ቤት የሚሆን አይደለም።

«ትንሹም ይበቃዎት ነበር፤ ይሁን» አለ ሻጩ። «ብቻ ቤቱ መሃል፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ምንም ሳይከልለው ያስቀምጡት።»

ጋሽ ቁልፌ ራሱን ነቀነቀ። በግምጃ ቤት ሰዎች ዘንድ ራስ መነቅነቅ «ሰምቻለሁ፤ አላደርገውም» ማለት ነው።

ሳሎኑ ጥግ አንድ የብረት ቁም ሣጥን አለ። መሥሪያ ቤቱ አርጅቷል ብሎ ሲያስወግደው እሱ እንደ ወላጅ አልባ ልጅ ወስዶ ያሳደገው ነው። ጀርባውን በድሪል በሳና ገመዶቹን አሳለፈ፤ ሸረሪቱንም አስገባ። ከፍ ያለ ቦታ ተብሎ የለ? የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። አቧራ እንዳይነካው የመጣበትን ላስቲክ አላወለቀለትም። ከዚያ ቆለፈ፤ ቆልፎም መቆለፉን ጎትቶ አረጋገጠ።

ፓስወርዱንም ራሱ አወጣ። ርዝመቱ ተጽፎ ቢለጠፍ ከአጥር አጥር ይደርሳል። ልጅቱ ስትጠይቀው መነጽሩን አስተካከለ።

«ለምን ጉዳይ ነው የፈለግሽው?»

«ለቃለ መጠይቁ ነዋ አባዬ።»

«እሺ። ስትጨርሺ ትመልሻለሽ።»

«ፓስወርድ ደግሞ እንዴት ነው የሚመለሰው?»

«እንደወሰድሽው። ሳይጎድል።»

ልጅቱ ክፍሏ ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ምንም የለም። ኮሪደሩ ላይ ወጣች፤ ምንም። ቁም ሣጥኑ እግር ሥር ስትንበረከክ አንዲት ቀጭን መስመር ብልጭ ብላ ጠፋች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

«ጎረቤት እየመጠጠው ነው» አለ ጋሽ ቁልፌ፣ እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ። ፓስወርዱንም አስረዘመው።

«አባዬ፣ ብረቱ ነው ያፈነው። አውጣውና ጠረጴዛው ላይ አድርገው።»

«ሜዳ ላይ ላሰጣው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

ሚስቱ የልብስ ቁልፍ እየተከለች ቀና አለች። በዚያ ቤት የማይቆለፍ ቁልፍ እሱ ብቻ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቤት ማን ገብቶ ያውቃል? እንግዳው ሁሉ ይቆለፍብኛል ብሎ መምጣት ከተወ ቆየ እኮ።»

ከብዙ ክርክር በኋላ ጋሽ ቁልፌ አንድ ነገር ፈቀደ፤ የቀጠሮው ዕለት የቁም ሣጥኑ በር ተከፍቶ ይቆያል፣ እሱም ወንበር አስጠግቶ ዘብ ይቆማል። ዕቃው ግን ከመደርደሪያው አይወርድም።

ቀኑ ደረሰ። ልጅቱ ፀጉሯን አበጥራ ከተከፈተው በር ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጠያቂዋ ሴትዮ በኮምፒውተሩ መስኮት ጥርት ብላ ወጣች። አንዱ ጥያቄ ሲመጣ ሌላው ሲመለስ ነገሩ አማረ። አባትየው ቁልፉን ጨብጦ፣ ዋይፋዩ ብድግ ብሎ ይሸሻል የተባለ ይመስል ዐይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል።

«አንድ ደንበኛ ሻንጣዬ ጠፋ ብሎ እየጮኸ ቢመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች ሴትዮዋ።

ልጅቱ አፏን ስትከፍት የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሆነ።

ስድስት ሰዓት ማለት ምሳ ነው። ምሳ ማለት ግምጃ ቤት ይዘጋል ማለት ነው። የጋሽ ቁልፌ እጅ ይህን ለማወቅ ጭንቅላቱን አስፈቅዶ አያውቅም። ብድግ አለ፤ በሩን ገጭ አደረገው፤ ቆለፈ፤ ጎትቶ አረጋገጠ፤ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እንደ ልማዱ ከጡረተኞቹ ጋር ሊያወራ ወጥቶ ሄደ። ሴትዮዋ አንድ ዐይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን አጣማ ደርቃ ቀረች።

«እማዬ! ቆልፎብኝ ሄደ!»

እናትየው መርፌዋን ሰክታ መጣች። አልተደናገጠችም። ከሻሿ ቋጠሮ ውስጥ አንዲት ቁልፍ ፈታች።

«ተለዋጭ አለሽ እንዴ?»

«የሱ ሚስት ሆኜ ተለዋጭ ባይኖረኝ ይሄኔ በረሃብ አልቀን ነበር። ስኳር ልሰሽ ያደግሽው በማን ይመስልሻል?»

ከፈተች። ላስቲኩን ገፈፈች። ሸረሪቱን እንደ አራስ አቅፋ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው። ሴትዮዋ ዐይኗን ገለጠች።

«ምን ተፈጠረ?»

«ይቅርታ፣ የቤታችን ግምጃ ቤት ለምሳ ተዘግቶ ነው» አለች ልጅቱ። «ስለ ሻንጣው ልመልስልዎ። ዕቃዬ ጠፋ ከሚል ሰው ቀርቶ፣ ይጠፋብኛል እያለ ከሚኖር ሰው ጋር ነው ያደግሁት። እንዲህ ያለውን ሰው አልከራከረውም። እሰማዋለሁ፤ በጎን ተለዋጭ እፈልጋለሁ።»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሰኞ ሥራ ጀምሪ አለቻት።

ጋሽ ቁልፌ ሲመለስ ዋይፋዩ ጠረጴዛው ላይ ራቁቱን ተቀምጧል። ኪሱን ዳበሰ፤ ቁልፉ አለ። የበሩን ጓጉንቸር አየ፤ አልተሰበረም።

«በምን ተከፈተ?»

«በቁልፍ» አለች ሚስቱ።

«ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው።»

«አንተ ጋማ ነው።»

ልጅህ ሥራ አገኘች ቢሉት አልሰማም። «መቼ ነው ያስቀረጽሽው?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሚስቱን ሲከተላት ሰነበተ። አሁን ዋይፋዩ ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ ቤቱን ያዳርሳል፤ ድመቷም ሙቀቱን ወድዳ አጠገቡ ትተኛለች። ጋሽ ቁልፌ ደግሞ የቁም ሣጥኑን ጓጉንቸር በአዲስ ለውጦ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይቆልፈዋል። ውስጡ ያለው የዋይፋዩ ባዶ ካርቶን ነው። «ይኸው» ይላል ለጡረተኞቹ፣ ኪሱን መታ መታ እያደረገ፣ «እስከ ዛሬ ማንም ንክች አላደረገውም።»