ጋሽ ደምሴ ያበራዩት ጤፍ

ባለፈው ቅዳሜ ከብሎካችን ሥር ለበግ የመጣውን ጭድ ዝናብ መታው። ሽታው በደረጃው ሽቅብ ወጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ወጥ ቤቴ ድረስ መጣብኝ። ልጄ ሕይወት ኮሪደሩ ላይ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ስለ ምርጫ ትከራከራለች፤ እኔ ደግሞ በፍርሃት፣ "ኧረ ቀስ በሉ፣ ሰው ይሰማችኋል" እላለሁ። ምርጫ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነኝ። የረጠበ ጭድና ምርጫ ሲገጣጠሙብኝ ደግሞ ጋሽ ደምሴ ትዝ ይሉኛል።

ያደግኩት ጤፍና ሽንብራ በሚዘራበት ገጠር ነው። ጋሽ ደምሴ ከእኛ ማሳ ቀጥሎ የሚያርሱ ጎረቤታችን ነበሩ። ረጅም ናቸው፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ ይሰማል፣ የካኪ ኮታቸው ኪስ ለእኛ ለልጆች የሚሆን ቆሎ አያጣም። አብዛኛው ሰው ማንበብ ስለማይችል የሚመርጠው በምልክት ነበር። ሁሉም እንስራን ነበር የሚመርጠው፤ የእንስራ ዋናው ሰው ደግሞ እሳቸው ነበሩ። አንድ ዓመት ግን ማዳበሪያው ዘርተን ከጨረስን በኋላ መጣ። አባቴ ተናደደና ምርጫው ሲደርስ የተቃዋሚውን ምልክት፣ ፋኖስን መረጠ። መርጦም ዝም አላለም፣ ገበያ መሀል ተናገረው።

ምርጫው ግንቦት ነበር፤ የጎረቤቱ ኩርፊያ እስከ ኅዳር ቆየ። ጤፋችን ታጭዶ ተከምሮ አባቴ ለውቂያው ደቦ ጠራ። እናቴ ጠላ ጠመቀች፣ ንፍሮ ቀቀለች። ደቦ ላይ ዛሬ አንተ ለጎረቤትህ ትውላለህ፣ ነገ እሱ ለአንተ ይውላል፤ በእኛ አገር ብቻውን የሚወቃ ሰው አልነበረም። የዚያን ቀን ግን አንድም ሰው አልመጣም። በመንገዱ ያለፈ አንድ ጎረቤት ብቻ፣ "ፋኖስህ ይውቃልህ እንጂ" ብሎ ስቆ ሄደ። ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናብ ክምሩ ውስጥ ከገባ ጤፉ እዚያው ይበቅላል፣ ይሻግታል። እናቴ የንፍሮውን ድስት ከድና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን ፊቷን አይቼ፣ ክረምት ምን እንበላ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ትንሽ ቆይቶ የጋሽ ደምሴ ድምፅ ተሰማ። ጭድ የሚያነሱበትን መንሻ ትከሻቸው ላይ አድርገው በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ።

አባቴ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ "ደምሴ፣ እኔ ፋኖስን ነው የመረጥኩት" አላቸው።

"ገበያው ሁሉ ሰምቷል እኮ። እንስራን ብትመርጥስ፣ የፓርቲው ሰዎች ከከተማ መጥተው ሊወቁልህ ኖሯል? ይልቅ በሬዎችህን አምጣ፤ የእኔዎቹ ብቻቸውን ሥራ አይወዱም።"

ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጡና ወደ ጎረቤቱ ተጣሩ። "ነገ የእኔ ደቦ ነው። ዛሬ እዚህ ያላየሁት ሰው ነገ እኔ ጋ እንዳይመጣ።"

መጀመሪያ የመጣው ያ ሲያሾፍ የነበረው ሰውዬ ነው። "እኔ እንኳ የመጣሁት ለጠላው ነው" አለ።

"ጠጣና ውቃ" አሉት።

ሌላውም አንድ ሁለት እያለ ተንጠባጥቦ መጣ። ዝናቡ ሲወርድ ጤፉ ጎተራ ገብቶ ነበር። ውጭ ቀርቶ የረጠበው ጭዱ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ምርጫ ቀበሌው ተገልብጦ ወደ ፋኖስ ሄደ። እንስራ ላይ ጋሽ ደምሴና ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ቀሩ፤ ደቦአቸው ግን እንደ ድሮው ሞላ። ከዚያም ወዲህ ሰዉ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ሲዞርና ሲመለስ ኖሯል፤ በምርጫ ምክንያት አውድማው ላይ ብቻውን የቀረ ግን አልሰማሁም።

ጋሽ ደምሴ አሁን በሕይወት የሉም። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለ ምርጫ የማውቀው እሳቸው ያሳዩኝን ያህል ነው። ፍርሃቴን አላጠፉልኝም። ግን እየፈራሁም ቢሆን ያኮረፈኝን ጎረቤት በር አንኳኳለሁ፤ ይሄ የእሳቸው ነው። ነፍሳቸውን ይማርልኝ።

ክርክሩ በርዶ ሕይወት ስትገባ ይህን ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ፣ "እና እማ፣ ከአያቴና ከጋሽ ደምሴ ማን ነበር ልክ?" አለችኝ።

"እሱን እንጃ" አልኳት። "እኛ ግን የዚያን ክረምት አልተራብንም።"