የተጋደመው ጠርሙስና የሲልቬት አውራ ጣት

በፈረንሳይዋ ትንሽ ከተማ በዣርናክ ሲልቬት ሩሊዬን የማያውቅ ካለ፣ ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወንዙ ዳር ባለው የኮኛክ ቤት የጠርሙስ አፍ ስታሽግ ኖራለች። ተራውን ጠርሙስ አይደለም፤ ተራውን ማሽን ይጨርሰዋል። እሷ እጅ የሚገቡት ሠዓሊና ቀራፂ የተጨነቁባቸው፣ በቁጥር የሚወጡ፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ናቸው። ቡሹን ትወትፋለች፣ ክር ትጠመጥማለች፣ የፈላ ቀይ ሰም ታለብሳለች፤ ሰሙ ሳይደርቅም አውራ ጣቷን ጫን ታደርግበታለች። ጣቷ በሙቀቱ ብዛት እንደ ተረከዝ ጠጥሯል። «ይሄ ጣት ያረፈበት ጠርሙስ ተበላሸ ተብሎ ተመልሶ አያውቅም» ትላለች። ከዚህ ሌላ ስትኩራራ የሰማት የለም።

ጡረታዋ ስምንት ወር ሲቀረው፣ ኦክታቭ የሚባል ቀራፂ ከፓሪስ አዲስ ጠርሙስ ይዞ መጣ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ሴቶቹ ብቻቸውን ወይኑን ለቅመው፣ ጠምቀው፣ አንጥረው ያስቀሩት ኮኛክ እስካሁን ምድር ቤት ተቀምጦ ነበርና፣ አዲሱ ጠርሙስ ለእሱ የተሠራ ልብስ ነው። ጠርሙሱ ከለቀማ ደክማ በጎኗ የተጋደመች ሴት ነው፤ የጠርሙሱ አንገት የእሷው አንገት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሙሴ ቴክሲዬ ሲያየው ባርኔጣውን አወለቀ። አፈኞቹ በርሜል ሠሪዎች እንኳ ቀልዳቸውን ትተው ተጠጉ። ሲልቬትም እንባ አቀረረች፤ ቅድመ አያቷ ከእነዚያ ለቃሚዎች አንዷ ነበሩ።

እንባዋን ጠረገችና፣ «ቡሹስ?» አለች።

«ቡሹ ምን ሆነ?» አለ ቀራፂው።

«ልጄ፣ ተጋድሞ የሚያድረው ወይን ነው። ኮኛክ ቆሞ ነው የሚኖር። ቡሹን ካገኘው ይበላዋል፤ የበላውም ነገር እዚያው ውስጡ ይቀራል።»

ይህን እዚያ የቆመ ሁሉ ከጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። ውበቱ ነው ያስረሳቸው።

«እትዬ ሲልቬት፣» አለ ቴክሲዬ ፊቱ ቀልቶ፣ «ሰብሳቢ እኮ አይከፍተውም! ቁም ሣጥን ውስጥ አድርጎ ያየዋል እንጂ።»

«እንግዲያው ሻይ ሙላበት፤ መልኩ አንድ ነው።»

በርሜል ሠሪዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቴክሲዬ አልሳቀም። የታዘዘው አርባ ጠርሙስ መስታወቱ ተነፍቶ አልቋል፣ ለምርቃቱ ግብዣ እንግዳ ተጠርቷል። «አንቺ ካላሸግሽ ሌላ ያሽገዋል።»

«ያሽገው። እሱም የራሱ ጣት አለው።»

በዚሁ ሽርጧን ፈትታ ቤቷ ገባች። አፏን ሞልታ ትናገር እንጂ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቃል ትጣለው? ወይስ እንደሚበላሽ እያወቀች ጣቷን ታሳርፍበት?

እሑድ የአገሩን ምግብ፣ ቀንድ አውጣ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት እየሠራች ሳለ ኦክታቭ በሩን አንኳኳ። «ማዳም፣ ልጣላዎት ነው የመጣሁት» አለ።

«መጀመሪያ ብላ። በባዶ ሆድ ጠብ አያምርም።»

ከበላ በኋላ ከሣጥን ሥር አንድ ጠርሙስ አውጥታ ቀዳችለት። ቀምሶ ፊቱን አኮማተረ። «እርጥብ ካርቶን ነው የሚለው!»

«የሠርጌ ስጦታ ነበር። ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ የዚህ ከተማ ልጅ ሆኖ እንደ ወይን አጋደመው። ሃያ ዓመት ተኛ።»

ቀራፂው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ያኔ ሲልቬት ያደረገችውን እሱ ራሱ ነው በኋላ በከተማው ያወራው። በስድሳ ሁለት ዓመቷ፣ ወገቧን እየያዘች የማድ ቤቱ አግዳሚ ላይ በጎኗ ተጋደመች።

«እኔም ለቅሜ አውቃለሁ። ወይን ሥር ጋደም ያለች ሴት አንገቷን አትጥልም። ጋሪው መጣ አልመጣ፣ ልጁ አለቀሰ አላለቀሰ እያለች እንዲህ ቀና ትላለች። አየህ?»

ኦክታቭ የዳቦውን መጠቅለያ ወረቀት ስቦ መሣል ጀመረ። «ይቆዩ፣ አይነሡ!»

«ቶሎ በል፣ ወገቤ!»

አርባው ጠርሙስ ተመልሶ ቀለጠ። ግብዣው ለጸደይ ተላለፈ። ቴክሲዬ ሲያጉረመርም ሰንብቶ ቀንድ አውጣዋን ሊቀምስ ቤቷ ድረስ መጣ፤ ይቅርታ ማለቱ ነበር።

አዲሷ የጠርሙስ ሴት ስትመጣ አንገቷ ከክንዷ ቀና ብሏል፤ ከፊተኛዋ ይልቅ ሕያው ሆናለች። ሲልቬት ሞላቻትና አጋደመቻት። ኮኛኩ ከቡሹ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ። ጎንበስ ብላ አየች፣ ዞራም አየች። ሰሙን አለበሰች፣ ጣቷን አሳረፈች።

«አሁንስ ደስ አለሽ?» አለ ቴክሲዬ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ይቀራሉ» አለች። «ከቆምህ አይቀር፣ ክሩን ያዝልኝ።»