ዓይን የበላው ጀሪካን

እናቴ ጀሪካኗን ከእኔ አብልጣ ትወደው ነበር፤ አልፈርድባትም፣ እሱ መልስ አይመልስም። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ካዛንቺስ ውስጥ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ደስ ባለው ሰዓት ብቅ ይል ስለነበር፣ ከድሬዳዋ የመጣ ወፍራም ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ያለው ሰው ቀላል ሰው አልነበረም። በበጋ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ጆንያ ታለብሰዋለች። ለእኔ ጃንጥላ ገዝታልኝ አታውቅም።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ደግሞ፣ እናቴ ሥራ ስትውል ውሃ በመጣ ቁጥር ከራሳቸው አስቀድመው የእኛን ዕቃ የሚሞሉልን ሴት ነበሩ። አንድ ቀን፣ “ውይ ሲያምር! እንዲህ ያለ ጀሪካን አይቼም አላውቅ” አሉና እንትፍ እንትፍ ማለት ረሱ። ወንጀላቸው ይኸው ነው።

በዚያው ምሽት እኔ የአሥረኛ ክፍሏ ሊቅ ጠዋት ፀጉሬን በሙቅ ውሃ ልታጠብ አሰብኩ። የኅዳር ብርድ ጠዋት ጠዋት ቆዳ ይልጥ ነበር። እናቴ ማኅበር ሄዳ ስለነበር ደጅ ከሰል ላይ አንድ ድስት ውሃ አፈላሁ፤ ባዶው ጀሪካን ውስጥ ገለበጥኩትና ሙቀቱ እንዳያመልጥ ክዳኑን ባለ በሌለ ጉልበቴ አጠበቅኩት። ሲነጋ ውሃው በረዶ ሆኖ፣ ጀሪካኑም ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ሁዳዴን በሙሉ የጾመ ሰው መስሎ ጠበቀኝ።

እናቴ ምርመራ አላስፈለጋትም። “በዓይኗ በላችው!” ብላ አጥር እስኪሰማ ጮኸች፤ በማንጠልጠያውም ነጭ ሽንኩርት አሰረችበት።

በዚያው ሳምንት የፊዚክስ መምህራችን ትኩስ አየር ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተር አስተማረን። እጄን አውጥቼ የጀሪካን ምሳሌ ሰጠሁ፣ ተጨበጨበልኝ። ቤት ስገባ ግን ዕውቀቴን ከደብተሬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ተውኩት። ዱላ ፈርቼ ነው።

እናቴ ሴትዮዋን ሰላም ማለት አቆመች። ዕቃችንን የሚሞላልን ጠፋ። እሳቸውም በውሃ ዕቃችን በኩል ሲያልፉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ማለፍ ጀመሩ። ያን ባየሁ ቁጥር አፍር ነበር። ማፈር አፍ መክፈት ስለማይጠይቅ ስምንት ዓመት ሙሉ አፈርኩ።

ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል ለእሳቸው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ዕቃቸው መኪና ላይ ሲጫን እየፈራሁ ተጠጋኋቸው።

“እትዬ፣ ያንን ጀሪካን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የፈላ ውሃ ጨምሬበት ነው።”

“አውቃለሁ ልጄ። ድስቱን ስትገለብጪ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼሻለሁ።”

“ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ዝም አሉ?”

ሹፌሩ እንዲጠብቃቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡና ወደ እኔ ዞሩ።

“ሄጄ ‘አየሁ’ ልበላት? በማየቴ አይደል እንዴ የተከሰስኩት?”